ለማንደቪሉ ቀያሽ የዘገየ ምስጋና (ጃማይካ ቤት ለመግዛት ያሰባችሁም አንብቡት)

ይህን ምስጋና መጻፍ የነበረብኝ ገና ቤቱን የገዛን ሰሞን ነበር። ሰነፍኩ። መጀመሪያ ዕቃ ማስመጣት፣ ቀጥሎ ዕቃ መዘርገፍ፣ ከዚያ አውሎ ነፋስ፣ ከዚያ ጣራ፣ በቃ ቀኑ እንዲሁ ነጎደ። አሁን ግን "ጃማይካ ቤት ገዛችሁ አሉ፣ እስቲ ነገሩ እንዴት ነው?" እያለ በውስጥ መስመር የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ፣ ለእያንዳንዱ ከምመልስ አንዴ ጽፌው ልገላገል። ሰውዬውም ይገባቸዋል።

ለማታውቁኝ፣ ባለቤቴ ጃማይካዊ ነው። የተገናኘነው ዲሲ ነው፣ ሃያ ምናምን ዓመት ሜሪላንድ ኖረን ጡረታ ሲወጣ "በቃ አገሬ" አለ። እኔ ደግሞ ባህር ዳርቻ ሙቀት ላይ አልኖርም ብዬ ድርቅ አልኩ። በስንት ክርክር ማንደቪል ላይ ተስማማን። ከባህር ጠለል በላይ ከ600 ሜትር ትንሽ ከፍ የምትል ከተማ ናት፤ ለአዲስ አበባ ልጅ ይሄ ተራራ ተብሎ አይጠራም፣ ግን ማታ ማታ ጋቢ ያስለብሳል። አፈሩ ቀይ ነው፣ ቦክሳይት የሚወጣበት አፈር። ነጭ ካልሲ አድርጋችሁ እንዳትመጡ። የሰፈሩ ራስታዎች "ኤምፕረስ" ይሉኛል፣ እቴጌ እንደማለት ነው። ለእናቴ ስነግራት "እቴጌ ሆነሽ በረንዳ ትጠርጊያለሽ?" ብላ ሳቀችብኝ።

ወደ ቤቱ ነገር ልምጣ።

በ2024 ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ቤሪል የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመታን ገና ኪራይ ቤት ነበርን። ከዚያ በኋላ የራሳችንን እንግዛ አልን። ብዙም ሳንቆይ አንድ ቤት አየን፤ በረንዳው ሰፊ፣ ከደጁ ትልቅ የአኪ ዛፍ (አኪ ጃማይካኖች እንደ ወጥ ሠርተው የሚበሉት ፍሬ ነው)፣ ወጥ ቤቱ ለሁለት ሴት የሚበቃ። ልቤ እዚያው ቀረ። ያሳየን ደላላ (ስሙም ድርጅቱም ይቅር) ልቤ መቅረቱን ፊቴ ላይ አንብቦታል መሰለኝ፣ ወዲያው "ከእንግሊዝ የመጣ ገዢ አለ፣ እስከ አርብ ቀብዱን ካላስገባችሁ እኔ የለሁበትም" ይል ጀመር። ቦሌ ያለ ደላላ ትዝ አለኝ። ባህር ቢሻገሩም ደላላ ያው ደላላ ነው!

እዚህ አገር ሽያጩ የሚሄደው በጠበቃ ነው። የሽያጭ ውል ይፈረማል፣ ቀብድ ይከፈላል፣ ብዙ ጊዜ ከዋጋው ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው፣ ከዚያ የቴምብር ቀረጡ፣ የስም ማዛወሪያ ግብሩ፣ በመጨረሻም አዲሱ ካርታ። አንድ ደስ የሚል ነገር፣ ከ2019 ሚያዝያ ጀምሮ የስም ማዛወሪያው ግብር ከ5 ወደ 2 በመቶ ወርዷል፣ ቴምብሩም ቤቱ ምንም ያህል ያውጣ 5,000 የጃማይካ ዶላር ብቻ ሆኗል። አንድ የአሜሪካ ዶላር ወደ 160 የሚሆን የጃማይካ ዶላር ስለሆነ ሒሳቡን ራሳችሁ ምቱት። የውጭ ዜጋም መግዛት ይችላል፣ መሬቱን ጭምር። እኛ ሊዝና ይዞታ ስንል ላደግን ሰዎች "መሬቱም የራስሽ ነው" ሲባል መጀመሪያ ላይ ጆሮ አያምንም። ግብር ከፋይ ቁጥር ግን ቀድማችሁ አውጡ፤ ዘጠኝ አሃዝ ነው፣ ያለሱ አንድ እርምጃ አትሄዱም።

ጠበቃችን ጎበዝ ሴት ናት፣ እሷንም በዚህ አጋጣሚ አመሰግናለሁ። ውሉን ይዘን ሄደን "አርብ መፈረም አለብን" ስንላት ብዕሯን አስቀምጣ "ቀያሽ አይቶታል?" አለች። አላየውም። "እንግዲያው አርብ አትፈርሙም።" ስልክ ቁጥር ጽፋ ሰጠችን። እኚህ ሰው እንዲህ ነው የተገኙት።

ጋሼ ነው የምላቸው። እሳቸው ትርጉሙን ጠይቀው ከተረዱ በኋላ ስም አድርገውታል፣ ስልክ ሲያነሱ "ጋሼ ስፒኪንግ" ይላሉ። ወደ ሰባ የሚጠጉ፣ ቀጭን ረዥም ሰው ናቸው። የገለባ ባርኔጣ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ የጎማ ቦቲ፣ ወገባቸው ላይ ገጀራ። ባለ ሦስት እግሩን መሣሪያ የሚሸከመው ረዳታቸው ወጣት ልጅ ነው። መንግሥት ፈቃድ የሰጣቸው ቀያሽ ናቸው፣ ይሄ ቁልፍ ነገር ነው፣ ፈቃድ የሌለው ሰው የጻፈውን ባንክም አይቀበልም። ሥራቸው ምንድን ነው? ካርታው ላይ የተጻፈው መሬትና እግራችሁ የቆመበት መሬት አንድ መሆኑን ማረጋገጥ፣ ድንበር የተሻገረ ነገር ካለ ማየት፣ ካርታው ላይ የተጻፉ ገደቦች መከበራቸውን መመርመር። በቃ ይሄው ነው። ግን እንዴት እንደሚሠሩት ላሳያችሁ።

የሄድነው ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ነበር፣ በእኛ አቆጣጠር። የካርታውን ፕላን በላስቲክ ሸፍነው ይዘውታል። መጀመሪያ ወደ ቤቱ እንኳን ዞር ብለው አላዩም። እኔ "በረንዳውን አዩልኝ?" ስል "በረንዳ አይጠፋም፣ ችካል ነው የሚጠፋው" ብለው ቁጥቋጦ ውስጥ ገቡ። አራት የብረት ችካል መኖር አለበት። ሁለቱን ቶሎ አገኙ። ሦስተኛውን ለማግኘት ግማሽ ሰዓት ያህል ተንበርክከው ቀዩን አፈር በገጀራው ጫፍ ቀስ ብለው ጫሩ፣ ልክ ሽንኩርት እንደሚኮተኩት ሰው፣ ከዚያ ብረቱ "ቃጭ" አለ። ዝገቱን በአውራ ጣታቸው ጠርገው ረዳታቸውን ፈገግ ብለው አዩት። አራተኛውን አጥተው በመሣሪያው ለኩና ቦታውን በቀይ ጨርቅ አመለከቱ።

ቀዩ ጨርቅ የተተከለው ደላላው "ድንበራችሁ ነው" ካለው አጥር ብዙ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ማንደቪል አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። ወንዝ የላትም። ከስሯ ያለው የኖራ ድንጋይ ዝናቡን እንዳለ ይውጠዋል። የቧንቧ ውሃ ደግሞ ይመጣል ይሄዳል። ስለዚህ የድሮ ቤቶች ጣራ ላይ የወረደውን ዝናብ በአሸንዳ ሰብስበው መሬት ውስጥ በተሠራ የሲሚንቶ ታንከር ያጠራቅማሉ። አንዳንዱ ጥቁር ሮቶም ይጨምራል። ያለ ታንከር እዚህ ቤት ቤት አይደለም። ደላላው ከበረንዳው ቀጥሎ አፉን ሞልቶ ያሞገሰው ይህንኑ ታንከር ነበር።

ጋሼ ከጨርቁ ማዶ ባለው የያም ሐረግ መሀል ሄደው የብረት ዘንጋቸውን መሬት ላይ ኳ ኳ አደረጉ። አንድ እርምጃ ሄዱ፣ ኳ ኳ። ሌላ እርምጃ። ድምፁ ተለወጠ፣ ባዶ እንስራ እንደመምታት። ሐረጉን በገጀራ ሲገልጡት የታንከሩ ክዳን ወጣ። ዙሪያውን እየመቱ ለኩት። ከታንከሩ ሁለት ሦስተኛ የሚሆነው ጎረቤት መሬት ውስጥ ነው! ባዶ መሬት ነው፣ ባለቤቱ እንግሊዝ አገር በርሚንግሃም ያሉ ሰው። ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው ላባቸውን ጠረጉና "ልጄ፣ ቤቱን ትገዢዋለሽ፣ ውሃው ግን የሰው ነው" አሉኝ።

አለቀስኩ። አልዋሽም። በረንዳዬ!

ረዳታቸው የቀረውን እየለካ እኛ የድንጋይ ካቡ ላይ ቁጭ አልን። ሊያጽናኑኝ መሰለኝ ከየት እንደሆንኩ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው፣ ዝም አሉ። ከዚያ "አይቻቸዋለሁ" አሉ። ልጅ ሆነው፣ አባታቸው ትከሻ ላይ ሆነው፣ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም.፣ በእነሱ ኤፕሪል 21 ቀን 1966፣ ኪንግስተን አውሮፕላን ማረፊያ። ዝናብ ነበር፣ አውሮፕላኑ ሲመጣ አባራ አሉ። ሕዝቡ ጥበቃውን ጥሶ አውሮፕላኑን ከበበው፣ ጃንሆይ ለመውረድ አልቻሉም፣ ሞርቲመር ፕላኖ የሚባሉ የራስታ ሽማግሌ ወጥተው ሕዝቡን ካረጋጉ በኋላ ነው የወረዱት። ጋሼ ራስታ አይደሉም፣ ሞራቪያን የሚባል የፕሮቴስታንት ቤተክርስቲያን የሚሄዱ ሰው ናቸው። ግን "የአባቴ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ ተሰምቶኛል" አሉኝ። እኔም በረንዳዬን ለጊዜው ረሳሁት።

ቤቱን ተውነው። ጠበቃዋ የበርሚንግሃሙን ሰው ለማፈላለግ ሞክራ ነበር፣ አልተገኙም። ደላላው ስልካችንን ማንሳት አቆመ። የቅየሳውን ዋጋ ከፍለን ቤት ሳንገዛ በመቅረታችን ባለቤቴ አንድ ቀን ሙሉ አኩርፎ ነበር፣ በማግስቱ ግን የውሃ ቦቴ ዋጋ ጠይቆ መጣና ኩርፊያው አለቀ።

ሁለተኛውን ቤት ያገኘነው በባለቤቴ አክስት በኩል ነው። አነስ ይላል። ጋሼ መጡ፣ አራቱም ችካል በቦታው፣ ታንከሩም ከነሙሉ አካሉ እኛው ግቢ። አንድ እንከን ግን አገኙ፣ ጋራዡ ከመንገዱ መራቅ ያለበትን ያህል አልራቀም፣ ካርታው ላይ የተጻፈ ገደብ ነው። ጠበቃዋ በዚያ ይዛ ዋጋ አስቀነሰችልን። እንደፈረምንም በካርታው ላይ ካቪያት አስመዘገበች፣ እኛ እግድ እንደምንለው ያለ ነገር ነው፣ ሻጩ ዞር ብሎ ለሌላ እንዳይሸጥ። ሁለተኛው የቅየሳ ክፍያ ላይ ጋሼ ግማሹን ብቻ ተቀበሉ። ለምን ስንል "የመጀመሪያው ቤት አስለቅሶሻል" አሉ።

ሥራቸው ያልሆነውንም አዩልን። ሊሄዱ ሲሉ ቀና ብለው ቆርቆሮውን አይተው "ይሄ ጣራ እኮ ባርኔጣ ነው፣ ነፋስ ይወስደዋል" አሉ። የሚያውቁትን አናጢ ላኩልን። አናጢው ኮርኒስ ከፍቶ እያንዳንዱን ወራጅ ከግድግዳው አናት ጋር በብረት ማሰሪያ አሰረው። እኛ ብልጦቹ ገንዘብ ለመቆጠብ ብለን ከኋላ የተቀጠለችውን ትንሿን ወጥ ቤት "እሷ ትቆይ" አልነው።

ኦክቶበር 28 ቀን 2025 ሜሊሳ የተባለችው አውሎ ነፋስ መጣች። ምዕራብ ጃማይካን በአምስተኛ ደረጃ፣ ማለትም በመጨረሻው ከባድ ደረጃ፣ በሰዓት 300 ኪሎሜትር በሚጠጋ ነፋስ ነው የመታችው። ከእኛ በስተ ምዕራብ ያለችው ብላክ ሪቨር ከተማ እንዳልነበረች ሆነች። እኛ ከመሀሉ ራቅ ብንልም ሌሊቱን መታጠቢያ ቤት ውስጥ ፍራሽ ተከልለን አደርን። ነጋ። ዋናው ጣራ አለ። የወጥ ቤቷ ቆርቆሮ ግን ሁለት ቤት አልፎ ማንጎ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ተገኘ። ያልታሰረችው እሷ ብቻ ነበረች።

መብራትም ስልክም የለም። በሦስተኛው ቀን በእግራቸው የመጡት ጋሼ ናቸው፣ ያው ቦቲ፣ ያው ገጀራ፣ በከረጢት ነፋስ ያረገፈው ሁለት ብሬድፍሩት (ተጠብሶ እንደ ድንች የሚበላ ትልቅ ፍሬ)። ደህና መሆናችንን እንኳን ሳይጠይቁ "ችካሉ አለ?" አሉ። መንገዳችንን የዘጋውን ግንድ ከባለቤቴ ጋር እየተጋገዙ ቆራረጡት። እኔ ከሰል አያይዤ ቡና አፈላሁ። ስኒውን ጨልጠው "ይሄ ሻይ ኃይለኛ ነው" አሉ፤ እዚህ ትኩስ ነገር ሁሉ ሻይ ነው የሚባለው። የጃማይካ ቡና በ1728 ነው የገባው፣ ዘሩ ወደ ኋላ ሲቆጠር ከእኛው ነው ብላቸው "እንግዲያው ድንበር ተሻግራችኋል" ብለው ቀለዱብኝ።

ጉድለታቸውንም ልናገር፣ አለበለዚያ ጥቆማዬ ሙሉ አይሆንም። ቀጠሮ ላይ አይቀልዱም፣ ሪፖርቱ ላይ ግን ይቀልዳሉ። "ሱን ከም" ካሉ፣ ይመጣል ማለት ነው፣ መቼ እንደሆነ ግን አይታወቅም። የእኛ የመጀመሪያው ሪፖርት ካሉት ቀን በሦስት ሳምንት ዘግይቶ ነው የደረሰው። ባንክ የሚጠብቃችሁ ከሆነ ይህን አስቡበት። ደግሞ መሬቱ "ፋሚሊ ላንድ" ከሆነ፣ ማለትም ከአያት በቃል የተወረሰና ካርታ የሌለው ከሆነ፣ ከመምጣታቸው በፊት ንገሯቸው። ገጠሩ በእንዲህ ያለ መሬት የተሞላ ነው፣ አሥር የአጎት ልጅ ከሦስት አገር ካልፈረመ ምንም አይሆንም፣ እሳቸውም መጀመሪያ ጠበቃ ጋ ሂዱ ነው የሚሏችሁ።

ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ ላይ አልለጥፍም፣ ራሳቸው አትለጥፊ ብለዋል። የምር የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ጠይቄያቸው እሰጣችኋለሁ። የጠበቃዋንም የአናጢውንም እንደዚያው። ለጋሼ ጽሁፍ አትላኩላቸው፣ አያነቡም። ጠዋት ከ12 ሰዓት እስከ 12 ተኩል ባለው ጊዜ ደውሉ፣ ከዚያ በኋላ ቁጥቋጦ ውስጥ ናቸው። አብራችኋቸው የምትሄዱ ከሆነ ቦቲ ግዙ።