ከ14 ወር በኋላ፦ የቱሉ ዲምቷ ያሪሳችን

ቶዮታ ያሪስ መኪናችንን የገዛናት አምና ጥቅምት ላይ ነው። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆችና አማቴ፤ አምስት ነን። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። በክረምት ልጆች ይዞ የታክሲ ሰልፍ መቆም ሲያቅተን፣ የደረሰንን እቁብ ካጠራቀምነው ጋር አድርገን መኪና ፍለጋ ወጣን።

ገበያው ከባድ ነው። አሮጌ መኪና ላይ ከፍተኛ ኤክሳይዝ ታክስ የተጣለው በ2012 ዓ.ም. ነበር። በ2016 ደግሞ መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከለከለ። እናም እዚሁ ያሉትን አሮጌዎች እየተቀባበልን ነው የምንነዳው። የኤሌክትሪክ መኪና አስበን ነበር። ዋጋውን ብንችለው እንኳ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሆነን የት ቻርጅ እናደርጋለን? ሱዙኪ ዲዛየርም ከአቅማችን በላይ ሆነ። በመጨረሻ በፈረንጆቹ 2002 የተሠራች፣ 1,000 ሲሲ፣ ማንዋል ያሪስ አገኘን።

ስህተታችንን ልንገራችሁ። ባለቤቴ መኪናዋን የሞከራት ቦሌ፣ አስፋልት ላይ፣ ከደላላው ጋር ሁለት ሆነው ነው። ምንም ድምፅ የላትም። በመጀመሪያው ቅዳሜ ግን አምስታችንም ገባን፣ 25 ኪሎ ጤፍም ጫንን። ሰፈራችን ኮብልስቶን ላይ ስንደርስ ከኋላ ኳ! ኳ! ማለት ጀመረች። ጉድጓድ በገባን ቁጥር ታችዋ መሬት ይነካል። መካኒኩ አንስቶ ሲያያት ሁለቱም የኋላ ሾክ አብዞርበሮች አልቀዋል፣ የፊት ቡሾቹም (ብረቶቹ መጋጠሚያ ላይ ያሉት ላስቲኮች) ተበልተዋል። «ሁለት ሰው ይዛ አስፋልት ላይ ስትሄድ አይሰማም» አለን።

ስለዚህ ከምንም በፊት ይህን እለምናችኋለሁ። ቤተሰባችሁን ጫኑና በራሳችሁ ሰፈር መንገድ ሞክሩ። ሻጩ እምቢ ካለ ሌላ መኪና ፈልጉ። እኔ የምገዛው መኪና የምኖርበትን መንገድ መቻል አለበት፤ የቦሌ አስፋልት ምንም አይነግረኝም።

በሦስተኛው ወር ፍሪሲዮኑ (ሞተሩንና ማርሹን የሚያገናኘው) ተንሸራተተ። ፍሪሲዮን ያልቃል፣ ሃያ ዓመት ባለፋት መኪና አይገርምም። የጎዳን ያለንን ሁሉ ለግዢው አውጥተን ባዶ እጃችንን መቅረታችን ነው። በሦስት ወር ውስጥ ለጥገና ያወጣነው የመኪናዋን ዋጋ 6 በመቶ ያህል ሆነ፣ ግማሹንም ተበደርን። ዛሬ ብገዛ ከመቶ አሥሩን ሳልነካ አስቀምጣለሁ፤ በቀረው የሚገኘውን እገዛለሁ።

በደንብ ያደረግነውም አለ። መካኒክ ይዘን ሻጩ ቤት የሄድነው ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሞተሩ ሳይነሳ ነው። ቀዝቃዛ ሞተር አይደብቅም። ወዲያው ተነሳ፣ ጭስ የለም። ላሜራዋን በማግኔት ዞረን ፈተሽን፤ ስቱኮ (የተጋጨ ላሜራ የሚሞላበት) የበዛበት ቦታ ማግኔት አይዝም። የሻንሲ ቁጥሯን ከሊብሬው ጋር አመሳከርን። በቪኤንኬ ይጀምራል፤ ቶዮታ ፈረንሳይ ቫለንሲየን ካለው ፋብሪካው የወጣች ናት ማለት ነው። እዳና እገዳ እንደሌለባት አጣራን። በውክልና ግዙ ያሉን ነበሩ፣ አልተስማማንም። ስም ሳይዞር ገንዘብ አንሰጥም አልን።

አሁን ኑሮዋን ላውራ። በሊትር 14 ኪሎሜትር ያህል ትሄዳለች፣ የከተማ መጨናነቅም አለበት። ሞተሯ በቤልት ሳይሆን በቼን የሚሠራ ስለሆነ በየጊዜው ቤልት የመቀየር ወጪ የለብንም። መለዋወጫ ሶማሌ ተራ ሞልቷል፤ አንድ ሱቅ ቢያጣው ቀጣዩ ጋ ይገኛል። ለዚህ ብቻ እንኳ ያሪስን ደግሜ እመርጣለሁ። እንደኛ ላለ ቤተሰብ መኪና ቆሞ የሚውልበት ቀን የቤት ገንዘብ የሚፈስበት ቀን ነው።

የኋላ ወንበሯ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ዕቃ ሲበዛ እንስበዋለን፣ አማቴ ስትገባ እንገፋላታለን። ጉልበቷን ያማታል። ወንበሩ ከፍ ያለ ስለሆነ ግን ሳትጎነበስ ትቀመጣለች። «እዚህች ውስጥ ስወጣም ስገባም ሰው አልጠራም» ትላለች፣ እኔም ደስ ይለኛል።

ዳገት ላይ ግን ትደክማለች። 70 እንኳ የማይሞላ የፈረስ ጉልበት ነው ያላት። ከፍታችን ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ይሳሳል፣ ከዚያችም ላይ አምስተኛ ያህሉ ይቀነሳል። ለገና ደብረ ብርሃን ስንሄድ፣ አምስት ሰው ከነሻንጣው፣ ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ ነው የወጣነው። የጭነት መኪና ለመቅደም ረጅም ባዶ መንገድ ካላየን አንሞክርም። በየዓመት በዓሉ ገጠር የሚሄድ ሰው 1,300 ሲሲውን ቢፈልግ ይሻለዋል።

ክረምት ላይ ደግሞ የኛ አካባቢ መረሬ አፈር ጎማ ይይዛል። ከሞተሩ ሥር መከላከያ ላሜራ አስበየድን፣ ጎማዎቹንም ሰኔ ሳይገባ ቀየርን። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ብቻ ነው የተያዝነው፣ የሰፈር ልጆች ገፍተው አወጡን።

ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን ያሪስ ሊገዛ መሆኑን ነገረን። እሁድ ጠዋት ሻጩ መኪናዋን ይዞ ይመጣል። አራት ሆነን እንገባና እዚሁ ኮብልስቶኑ ላይ እንነዳታለን።