በጀሪካን የሚሸጠውን «ባዮ ናፍጣ» አትግዙ

ናፍጣ መኪና ያላችሁ ሁሉ ይህን አንብቡልኝ። በተለይ ፒካፕ፣ ሚኒባስ ወይም አይሱዙ ይዛችሁ የዕለት እንጀራችሁን የምታገኙ። «ባዮ ናፍጣ ነው፣ ከማደያው በሊትር 25 ብር ይቀንሳል» እየተባለ በቢጫ ጀሪካን የሚሸጥ ነገር አለ። እኔ 10 ጀሪካን፣ 200 ሊትር ገዝቻለሁ። እውነተኛው ባዮ ናፍጣ፣ ባዮዲዝል የሚሉት፣ ከዘይት በኬሚካል ተሠርቶ በናፍጣ ፈንታ የሚነዳ ነዳጅ ነው። ይሄ ግን እሱ አይደለም። ድንችና ሳምቡሳ ሲጠበስበት የከረመ፣ በጨርቅ የተጣራ የፓልም ዘይት ነው።

እንዴት እንደተሸወድኩ ልንገራችሁ። ሰዎቹ የሚናገሩት ግማሹ እውነት ነው። የሚያሳምነውም ለዚህ ነው።

ሥራዬ ከቢሾፍቱ እንቁላል እያመጡ ለሱቆች ማከፋፈል ነው። መኪናዬ ሃይሉክስ ፒካፕ ናት፤ ሞተሯ ዲ ፎር ዲ የሚባለው የናፍጣ ሞተር ነው። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ ሲነሳ ናፍጣው ትርፌን እየበላው መጣ። ሰልፉ ደግሞ አለ። ማደያ ቆሜ የማሳልፈው ሰዓት እንቁላል ከማደርስበት ሰዓት የሚበልጥበት ቀን ነበር። እንዲህ ምርር ብሎኝ ሳለ ነው አንድ የማውቀው ሾፌር የሰውዬውን ስልክ የሰጠኝ።

ሰውዬው አፉ ይጣፍጣል። «እህቴ፣ ዲዝል ሞተርን የፈለሰፈው ሰው እኮ በለውዝ ዘይት ነው ያሠራው» አለኝ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ አሳየኝ። አሜሪካ ውስጥ አንድ ሰው ከምግብ ቤት የሰበሰበውን ዘይት አሮጌ ማርቸዲስ ውስጥ ሞልቶ ይነዳል። እኔ አሁንም ስጠራጠር «መንግሥትም ከ2001 ጀምሮ ይቀላቅል አልነበር?» ብሎ ጨረሰኝ።

ሦስቱንም በኋላ አጣራሁ። ቀድሜ ባጣራ ኖሮ ይሄን ሁሉ ባልጻፍኩ።

የለውዙ ነገር እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1900 በፓሪስ ኤግዚቢሽን ላይ አንድ ትንሽ የዲዝል ሞተር በለውዝ ዘይት ሲሠራ ታይቷል። ግን ያ ሞተር ባለበት ቆሞ የሚሠራ፣ በዝግታ የሚዞር የድሮ ሞተር ነው። የኔዋ መኪና ኖዝል ናፍጣውን የሚረጨው ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት ነው። የጎማ አየር ከ2 እስከ 3 ባር መሆኑን አስቡና አወዳድሩት። የኖዝሉ ቀዳዳ ደግሞ ከፀጉር ብዙም አይሰፋም። የምግብ ዘይት ከናፍጣ ወደ 10 እጥፍ ይወፍራል። በዚያ ቀዳዳ እንደ ጉም መውጣት ሲገባው እንደ ጠብታ ይወጣል። ጠብታው በደንብ አይቃጠልም። ያልተቃጠለው ኖዝሉ ላይ ከሰል ሆኖ ይጋገራል፤ የቀረው በፒስተኑ ፋሻ በኩል ሾልኮ ከሞተር ዘይቱ ጋር ይቀላቀላል።

የማርቸዲሱም እውነት ነው። እነዚያ ሰዎች ግን መኪናው ላይ ሁለተኛ ታንከር ያስገጥማሉ። ሞተሩን በናፍጣ ያስነሳሉ። በራዲያተሩ ውሃ ሙቀት ዘይቱ ሲቀጥን ወደ እሱ ይቀይራሉ። ከማጥፋታቸው በፊት መልሰው ናፍጣ ይለቁና መስመሩን ያጥባሉ። መኪኖቹም ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. የ1970ዎቹና የ80ዎቹ ናቸው፤ ሞተራቸው ብዙ ይችላል። ቪዲዮው ላይ ሁለተኛው ታንከር አይታይም።

የመንግሥት ተብሎ የተነገረኝ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነገር ነው። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ የተቀላቀለው ከስኳር ፋብሪካ የሚወጣ ኢታኖል የሚባል አልኮል ነው። ያውም ከቤንዚን ጋር እንጂ ከናፍጣ ጋር አይደለም።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት መኪናዋ ሄደች። ይሄ ነው የሚያታልለው። ከጭስ ማውጫው የድንች ጥብስ ሽታ ይመጣ ነበር፤ እኔም «ባዮ» ማለት ይሄ ነው ብዬ ተቀበልኩት። ወሩ ታኅሣሥ ነበር። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቼ ነው ወደ ቢሾፍቱ የምወጣው። በሁለተኛው ሳምንት ጠዋት ጠዋት አልነሳ ማለት ጀመረች። ከዚያ አንድ ቀን እንቁላል ጭኜ ስመለስ ዱከም ላይ ነጭ ጭስ ለቀቀች፣ ጉልበት አጣች፣ ቆመች። እንቁላሉን ወደ ሌላ መኪና ሳዛውር የተሰበረውን አልቆጥርም።

መካኒኩ ሽማግሌ ሰው ናቸው። የናፍጣ ፊልትሮውን ፈትተው ገለበጡት። ውስጡ የረጋ ቅቤ የመሰለ ነገር ሞልቶታል። አሸተቱት። «ልጄ፣ ይሄ መጥበሻ ላይ የነበረ ነው። ማን ሸጠልሽ?» አሉኝ። አፈርኩ። ከዚያ የሞተር ዘይቱን አወረዱ። ዘይቱ አልፈስ ብሎ እንደ ሙጫ ይሳባል። ያልተቃጠለው የምግብ ዘይት ሙቀት ሲያገኝ እዚያው እየጠጠረ የሞተር ዘይቱን ያበላሸዋል። «ትንሽ ብትቆዪ ሞተሩ ነክሶ ይቀር ነበር» አሉኝ።

ሁላችንም ኩሽና ውስጥ የምናውቀውን ነገር ነው የረሳሁት። የፓልም ዘይት ብርድ ሲመታው ይረጋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የአዲስ አበባ ብርድ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ጠዋት ጀሪካኑን ፀሐይ ላይ አስቀምጠን የምናቀልጠውን ዘይት ነው መኪናዬ ታንከር ውስጥ ያሳደርኩት።

በትክክል ተሠርቶ እንኳን ቢሆን ከፓልም የተሠራ ባዮዲዝል ወደ 15 ዲግሪ ግድም ሲደርስ መደፍረስ ይጀምራል። ስለዚህ «የኔ ግን እውነተኛ ባዮዲዝል ነው» የሚል ሰው ቢመጣም በናፍጣ ሳይቀላቀል፣ ለደጋ አገር ጠዋት የሚሆን አይደለም። ባዮዲዝል በራሱ ውሸት ነው እያልኩ አይደለም። ኢንዶኔዥያ ከፓልም የተሠራውን ከናፍጣ ጋር 40 በመቶ ድረስ ትቀላቅላለች። ግን እዚያ በፋብሪካ ተሠርቶ፣ በመለኪያ አልፎ ነው። አገሩም ሞቃት ነው።

እውነተኛው እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይጠቅማችኋል። ዘይቱ ማጣራት ብቻ አይበቃውም። ለ100 ሊትር ዘይት ወደ 20 ሊትር ሜታኖል የሚባል መርዛማ አልኮል ይገባል፤ ኮስቲክ ሶዳ ይጨመርበታል፤ ይሞቃል። ከዚያ ለሁለት ይከፈላል። ከላይ ባዮዲዝሉ ይንሳፈፋል፣ ከታች ግሊሰሪን ይዘቅጣል። ባዮዲዝሉ እንደገና በውሃ ይታጠባል፣ ይደርቃል። ስለዚህ ሻጩን አንድ ነገር ብቻ ጠይቁት፦ «ግሊሰሪኑን የት ነው የምታደርጉት?» በትክክል የሚሠራ ሰው በየቀኑ በጀሪካን ይወጣለታልና የሚያደርግበት አያጣም። እኔ ዘግይቼ ጠየቅኩት። «የምን ግሊሰሪን? የፀጉር?» አለኝ።

ሌላም ቀላል ነገር አለ። አንድ ሲሪንጅ ውሰዱና ከማደያ የተቀዳ ናፍጣ በመርፌው እንዲወርድ አድርጉ፣ ሰዓት ያዙ። በዚያው ሲሪንጅ የሰውየውን ሞክሩ። ባዮዲዝል ከናፍጣ ጥቂት ብቻ ይዘገያል። ዘይት ከሆነ ልዩነቱ ለዓይን ይታያል። አንድ ብርጭቆም ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩ፤ ከረጋ፣ ምንም ይሁን ምን ለደጋ ጠዋት አይሆንም። እሳት ላይ አድርጋችሁ ግን እንዳትሞክሩ። ውስጡ ሜታኖል ካለ ይነድዳል።

«እንግዲያው እቤቴ እሠራዋለሁ» የምትሉ አላችሁ፤ ወንድሜም ብሎኛል። ተው አልኩት። የሜታኖል እሳት በቀን ብርሃን አይታይም ማለት ይቻላል፤ እጃችሁ ሲቃጠል ነው የምታውቁት። ቢጠጣ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላል። ኮስቲክ ሶዳ ደግሞ ቆዳ ይልጣል። ልጆች ባሉበት ግቢ ውስጥ በሃይላንድ ተቀድቶ የተቀመጠ ሜታኖል ከውሃ በምን ይለያል?

ወደ ገንዘቡ ስመጣ፣ አተረፍኩ ያልኩት 5,000 ብር ነው። ለአንዱ ኖዝል ብቻ የተጠየቅኩት ከዚያ ይበልጣል፤ ያሉት ደግሞ አራት ናቸው። ፖምፓው መታጠብ ነበረበት። ሥራ የፈታሁባቸውን ቀናት አልጨመርኩም። ሰውዬው መጀመሪያ «መኪናሽ አርጅታ ነው» አለ፣ በኋላ ስልኩን ዘጋ። ደረሰኝ የለኝም። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ለሸማች መብት ይሰጣል፤ ነገር ግን ሱቅ የሌለውን፣ ስሙን በትክክል የማላውቀውን ሰው የት ላቅርበው? ከማደያ ውጪ በጀሪካን ነዳጅ መነገድ ራሱ ስለሚያስጠይቅ፣ ገዢዎቹም እንደኔ ፈርተው ዝም ይላሉ። ሻጮቹ የሚተማመኑት በዚህ ዝምታ ነው።

ሞልታችሁ ከሆነ ሞተር አታስነሱ። «ናፍጣ ጨምሬበት ይሟሟል» አትበሉ። መኪናውን አስጎትታችሁ ታንከሩን አስወርዳችሁ አሳጥቡ፣ ፊልትሮ ቀይሩ፣ የሞተር ዘይቱንም ኪሎሜትሩን ሳትጠብቁ ቀይሩ። ለመካኒካችሁም እውነቱን ንገሩት። እኔ በኀፍረት ዝም ብዬ መካኒኩን ለግማሽ ቀን ባትሪና የማሞቂያ ካንዴላ ሳስፈትሽ ዋልኩ።

ያገለገለ ናፍጣ መኪና ልትገዙ የምትሄዱ ደግሞ አንድ ነገር ጨምሩ። ከ2016 ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ አሮጌው ሁሉ ተፈላጊ ሆኗል፤ እንዲህ የተጎዳውም ታጥቦ ገበያ ይወጣል። ጠዋት በብርድ፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ሂዱ። ሻጩ «ቀድሜ አሙቄ ልጠብቅህ» ካለ ቀኑን ቀይሩ። የነዳጁን ክዳን ክፈቱና አሽትቱ። ጣታችሁን አፉ ላይ አዙሩ፤ እንደ ድስት ዳር የሚያጣብቅ ከሆነ ቀብድ አትክፈሉ።