የሰፈራችን የሴቶች እድር፦ ስምንት ዓመት ከፍዬ ሦስት ቀን ያየሁት አገልግሎት

እድር ሰው ብሩ እንዳይመለስለት እየጸለየ የሚከፍለው ነገር ነው። እኔም ስምንት ዓመት እንዲሁ እየጸለይኩ ከፈልኩ። ነሐሴ 3 ቀን 2016፣ ዓርብ ሊነጋጋ ሲል እናቴ አረፈች። ይህን የምጽፈው ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ አዲስ የገቡ ጎረቤቶች ደረጃ ላይ እያስቆሙ «የሴቶቹ እድር እንዴት ነው? የባለቤቴ አይበቃኝም ወይ?» ስለሚሉኝ ነው።

አይበቃም። የባሌ እድር ድንኳንና አግዳሚ ወንበር አመጣ፣ መቃብር አስቆፈረ፣ መኪና አዘጋጀ፤ እግዜር ይስጥልን። ቤት ውስጥ ያለውን ግን ወንዶቹ አያውቁትም። ማን ምን በላ፣ ማን የት ያድራል፣ ሻዩን ማን ይጥዳል፣ ይሄ ሁሉ የሴቶቹ ነው።

ሂሳቡን ላስቀድም። መመዝገቢያ 1,500 ብር፣ በየወሩ 60 ብር። ወላጅ ሲሞት 10,000 ብር ይሰጣሉ፤ እያንዳንዷ አባል ደግሞ አምስት አምስት እንጀራ ይዛ ትመጣለች። በዛሬ የጤፍ ዋጋ ከብሩ ይልቅ እንጀራው ነው የደገፈኝ።

ለሰብሳቢዋ የደወልኩት ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ነው። 12 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ የማብሰል ተራ የደረሳቸው የዙሩ ስድስት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በሬ ላይ ነበሩ። ሰብሳቢዋ ራሷ በር አጠገብ ተቀመጠች፤ ቀኑን ሙሉ ጭልፋ ስትይዝ አላየኋትም። እውነቱን ልናገር፣ ከፍቶኝ ነበር። «ይቺ ሴትዮ ሥራዋ መቀመጥ ነው እንዴ?» ብያለሁ በሆዴ። ነገሩ የገባኝ እያደር ነው። ወቅቱ ፍልሰታ ነው፤ የሚያስቀድሱት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይቀምሱም። ልጆች፣ መድኃኒት የሚውጡ አዛውንትና ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ግን በስድስት ሰዓት መብላት አለባቸው። ያንኑ ሽሮና ምስር ወጥ ለሁለት ጊዜ ለያይታ ያስቀረበችው እሷ ናት። ከደብረ ብርሃን የመጡ አክስቶቼን ሦስት ቤት አከፋፍላ ስታሳድር እኔን አንዲት ጥያቄ አልጠየቀችኝም። መተዳደሪያ ደንቡ ላይ የሰብሳቢ ተግባር «ስብሰባ ይመራል፣ ከገንዘብ ያዥ ጋር ይፈርማል» ይላል። ስለ በር ጥበቃው አንድ መስመር የለም።

ከሁሉም ያስደነቁኝ ግን የንብረት ኃላፊዋ ናቸው። ሰፈሩ «እማማ ግምጃ ቤት» ይላቸዋል። ቁልፉ አንገታቸው ላይ ነው። ስድስት ጎላ፣ ትሪዎች፣ ፔርሙሶች፣ 120 ስኒ፣ ሁሉም በደብተር፣ ሁሉም በፊርማ። እያንዳንዱ ስኒ ቂጡ ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም ነጥብ አለው፤ ከጎረቤት ስኒ እንዳይቀላቀል። በሠልስት፣ እሑድ ማታ ዕቃው ሲቆጠር ሁለት ብርጭቆና አንድ ጭልፋ ጎደለ። ደንግጬ ቦርሳዬን ፍለጋ ተነሳሁ።

«ቁጭ በይ ልጄ፣» አሉኝ። «ለቅሶ ላይ ያለ ሰው ብርጭቆ አይጠየቅም።»

«እማማ፣ ታዲያ ማን ይክፈል?»

«የፈረመችው ትከፍላለች። የዙሩ አለቃ ናት የፈረመችው፤ አንቺ ምን አገባሽ?»

ጭልፋው በማግስቱ ከአንዲት ጎረቤት ቤት ተገኘ። ብርጭቆዎቹን የዙሩ አለቃ ተክታለች። እኔ በሙያዬ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ብዙ መሥሪያ ቤት ኃላፊነት እንዲህ ጥርት ብሎ ሲለይ አላየሁም።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ ግን ነጥብ ለመቀነስ እገደዳለሁ። ደንቡ ጥሩ ነው፦ ሂሳብ ሹሟ ትመዘግባለች፣ ገንዘብ ያዧ ትይዛለች፣ የባንክ ደብተሩ ከሦስት ፈራሚ ሁለቱ ካልተገኙ አይንቀሳቀስም። የሚመዘግበውና የሚይዘው ሰው መለያየቱ ትልቅ ነገር ነው። ቴሌብር በ2013 ከመጣ ወዲህ ግን ወርኃዊው መዋጮ በገንዘብ ያዧ በራሷ ስልክ ነው የሚገባው። ሴትዮዋን አልጠረጥርም፤ 10,000ዋን ዓርብ ዕለት ከሰዓት በፊት በእጄ አስረክባኛለች። ነገር ግን የእድሩ ብርና የቤቷ የዘይት ብር አንድ ኪስ ውስጥ ነው። ደረሰኝ ስጠይቅ «መልእክቱ ደርሶሽ የለ?» ተባልኩ። መልእክት ደረሰኝ አይደለም፣ እትዬ! የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 እድርና ዕቁብን ስለማይመለከት ከውጭ መጥቶ መዝገባችንን የሚያገላብጥ የለም። ያለን የራሳችን ተቆጣጣሪ ብቻ ነው። የእኛዋ ተቆጣጣሪ ደግሞ የገንዘብ ያዧ የክርስትና ልጅ እናት ናት። አበልጅ አበልጇን እንዴት ትመርምር?

ጸሐፊዋ ስም ጥሪ ላይ ቀልድ አታውቅም። ከቀብር የቀረች 50 ብር፣ ተራዋ ደርሶ ለማብሰል ያልመጣች 100 ብር ትቀጣለች። ቢሮ ለሚውል ሰው ይከብዳል፤ እኔ ራሴ አራት ጊዜ ተቀጥቻለሁ። ዘንድሮ ምትክ መላክ ተፈቅዷል፤ እህትሽን ወይም የደረሰች ልጅሽን ትልኪያለሽ። ቃለ ጉባኤ ግን ንባቧ ረጅም ነው፤ ስብሰባ ስትመጡ ቁርስ በልታችሁ ኑ።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ለአባቷ ለቅሶ ምግብ አቅራቢ ድርጅት ቀጥራ ነበር። ምግቡ ጣፋጭ ነበር፣ ሰሀኑም ያምራል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጭነው ሄዱ፤ ማታ የመጣውን እንግዳ ሻይ ያፈላችለት ራሷ ሐዘንተኛዋ ናት።

በኮከብ ስጡ ካላችሁኝ ከአምስት አራት እሰጣለሁ። አንዱን የያዝኩት ለቴሌብሩ ነው፤ በእድሩ ስም መቀበያ የከፈቱ ቀን እጨምረዋለሁ።

ምዝገባ ወር በገባ የመጀመሪያው እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ዕቃ ቤቱ በር ላይ ነው። መታወቂያና ሁለት ፎቶ ግራፍ ያዙ። አዲስ አባል ስድስት ወር ሳይሞላት ብሩ አይሰጣትም፤ እንጀራውና ዕቃው ግን ከመጀመሪያው ቀን ይደርሳታል። እማማ ግምጃ ቤት ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ስልክ አያነሱም፤ ችግር ከገጠማችሁ በሩን አንኳኩ፣ ከነቁልፋቸው ነው የሚተኙት።