ኢስታንቡል፣ ላሌሊ ሰፈር ላይ ጾሜን ለጠበቀልኝ አስተናጋጅ

ይህን የምጽፈው ከጅማ ኢስታንቡል እየተመላለሳችሁ ልብስ ለምታመጡ ነው። በጾም ወቅት የምትሄዱ ደግሞ በተለይ አንብቡልኝ።

ባለፈው ፍልሰታ ለሱቄ ዕቃ ልገዛ ሄጄ ነበር። አብራኝ የሄደችው የሱቅ ጎረቤቴ ሙስሊም ናት፤ እሷን እዚያ አገር ምን ይቸግራታል! ኬባቡን እያማረጠች ትበላለች። እኔ ሦስት ቀን ሙሉ በዳቦ፣ በቲማቲምና በሙዝ ከረምኩ። አንድ ቤት "ሥጋ የለውም" ብለውኝ ባመጡልኝ ሾርባ ውስጥ ሥጋ አግኝቼበታለሁ። ከዚያ በኋላ ማንንም ማመን አቃተኝ።

በአራተኛው ቀን 9 ሰዓት ካለፈ በኋላ ፌስታላችንን ተሸክመን ከላሌሊ ትራም ፌርማታ ቁልቁል ወደ ባሕሩ ስንወርድ አንዲት ጠባብ ምግብ ቤት አየን። የየሱቁ ሠራተኛ የሚበላባት ዓይነት ናት። ምግቡ ከመስታወት ጀርባ በየትሪው ተደርድሯል፤ የፈለጉትን በጣት ማሳየት ነው።

አስተናጋጁ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። "ጾመኛ ነኝ፤ ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል አልበላም" የሚለውን በስልኬ አስተርጉሜ አሳየኋቸው። ሁለቴ አነበቡት። ከዚያ ተነሥተው ወደ መስታወቱ ይዘውኝ ሄዱ። ጣቴን ወደ ሩዙ ስዘረጋ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ቅቤ አለው። የምስር ሾርባውንም ከለከሉኝ፤ እሱም ላዩ ላይ ቅቤ ይፈስበታል። ነጋዴ ነኝና አውቀዋለሁ፣ ሻጭ ገዢን "ይሄ ይቅርብሽ" ሲል ብዙ አይታይም። ያኔ ልቤ አረፈ።

ከዚያ ወደ ዳር ወዳሉት ትሪዎች አሳዩኝ። "ፋሱልዬ" አሉ። ፎሶሊያ! "ባምያ" አሉ። እኛም ባሚያ ነው የምንለው! ሾርባን ቾርባ፣ ሻይን ቻይ ይሉታል፤ ሙዝ ደግሞ ያው ሙዝ ነው። አንድም ቱርክኛ ሳላውቅ ግማሹን ምግብ በአማርኛ አዘዝኩት ማለት ይቻላል።

እነዚህ በወይራ ዘይት የሚሠሩ የአትክልት ምግቦች ናቸው፤ ቀዝቀዝ ብለው ነው የሚቀርቡት። ሳህኑን ስነካው በረደኝና የትናንት ትራፊ መሰለኝ። ለካ ወጉ ነው። ከሁሉም ደበርጃኑን አልረሳውም። ለሁለት ተሰንጥቆ ሆዱ ውስጥ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ቲማቲም ተሞልቷል። ሽንኩርቱ ከመብሰሉ የተነሣ ስኳር የገባበት ይመስላል። በማንኪያ ስነካው ተፈረካከሰ፤ የቀረውን ዘይት በዳቦ ጠርጌ በላሁት። ስሙ ኢማም ባይልዲ ነው፤ "ኢማሙ ራሱን ሳተ" ማለት ነው። ጓደኛዬ ይህን ስትሰማ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች፤ ከዚያ ኬባቧን ትታ ከእኔ ሳህን መጉረስ ጀመረች።

ያበሰሉት እናት ከጓዳ ብቅ ሲሉ "እጅዎ ይባረክ" ልላቸው ፈለግሁ። ስልኩ "ኤሊኒዜ ሳሊክ" አለኝ፤ ለእጅዎ ጤና ይስጥልኝ እንደማለት ነው። እሳቸውም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አጎነበሱ። ሻዩን ሂሳብ ውስጥ አላስገቡብንም።

በማግስቱ ከቤት ቆልቼ ወቅጬ የወሰድኩትን የጅማ ቡና ይዤላቸው ሄድኩ። ገና ከረጢቱን ሲፈቱት ሽታው ቤቱን ሞላው። አስተናጋጁ ለጎረቤት ባለሱቅ ሁሉ እያስሸተቱ "ጅማ፣ ጅማ" ሲሉ የተሰማኝን ደስታ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! ከዚያ በኋላ እስክመለስ ድረስ ሌላ ቤት አልበላሁም።

አባባ፣ እናቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለጾሜ ከእኔ እኩል ተጨንቃችሁልኛል።

የምትሄዱ ካላችሁ ከፌርማታው ወደ ባሕሩ ስትወርዱ መስታወቱን እያያችሁ ፈልጓት። ከጅማ ነን በሉ፤ ያስታውሳሉ። ቡና ከወሰዳችሁላቸው ግን እንደ ዱቄት አድቅቃችሁ አስፈጩት። እነሱ በትንሽ ማፍያ ከነአተላው ነው የሚያፈሉት፤ የእኔ ውቅጥ ሸካራ ሆኖ ሲኒው ላይ ተንሳፎ ነበር።