«ሜሞሪ» ትራስ ገዝቼ ነበር

ቱሉ ዲምቱ አደባባይን አለፍ ብሎ ካለ አንድ የፍራሽ ሱቅ ነው የገዛሁት። 1,800 ብር። ሻጩ ልጅ በመዳፉ ጫን አድርጎ ለቀቀው፤ የጣቶቹ ቅርጽ ትንሽ ቆይቶ ቀስ እያለ ጠፋ። «አየህ፣ ሜሞሪ ነው፤ ለማስታወስም ይረዳል» አለኝ ፍርጥም ብሎ። ያን ሰሞን ቁልፌን በር ላይ እንደሰካሁ እየረሳሁ ስለነበር አልተከራከርኩም።

ቤት ገብቼ ሳነብ ለካ ሜሞሪው የስፖንጁ ነው! እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1966 ለናሳ የመቀመጫ ትራስ ተብሎ የተሠራ ነው። ተጭኖ ሲለቀቅ የድሮ ቅርጹን «ያስታውሳል»፣ በቃ።

እንደ ትራስ ጥሩ ነው። ጠዋት ጠዋት አንገቴን የሚይዘኝ ነገር በሳምንቱ ለቀቀኝ። ሽታው ግን አይጣል ነው፣ ሦስት ቀን በረንዳ ላይ አስጥቼው ነው የጠፋው። ብርድም አይወድም። የእኛን ሰፈር ንፋስ ታውቁታላችሁ፣ መስኮት ከፍቼ ያደርኩ ለት እንደ ጣውላ ይደርቅና ጭንቅላቴ ሲያሞቀው ነው የሚለሰልሰው። የቤቱ የትራስ ልብስም አልገባለት አለ።

መርሳቱስ? ያው ነው። ሜክሲኮ የሚያደርሰኝ ሰርቪስ 11 ሰዓት ስለሚያልፍ ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል እነሳለሁ፤ ማታ ደግሞ ስልክ ስጎረጉር 5 ሰዓት ይሆናል። አምስት ሰዓት ተኩል ተኛሁ ማለት ነው፣ ለአዋቂ የሚመከረው ቢያንስ 7 ሆኖ ሳለ። ቀን የሰማነውን አንጎል አደላድሎ የሚያስቀምጠው ስንተኛ ነው፤ ሂፖካምፐስ የሚባለው ክፍል በከባድ እንቅልፍ ጊዜ የዋለበትን እየደጋገመ ያጠናል። እንደ አውሮፓውያኑ በ2013 የአሜሪካው ሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ እንዳሳዩት ደግሞ፣ በእንቅልፍ ጊዜ በአንጎል ሴሎች መካከል ያለው ክፍተት ይሰፋና ፈሳሽ እየገባ የተጠራቀመውን ቆሻሻ ያጥባል፤ አልዛይመር የሚባለው የመርሳት በሽታ የያዛቸው ሰዎች አንጎል ውስጥ የሚከማቸው ቤታ አሚሎይድ የተባለው ፕሮቲንም ከሚታጠበው አንዱ ነው። እኔ እንግዲህ እጥበቱን አቋርጬ ነው ሰርቪስ የምሳፈረው።

አሁን ስልኩን ሳሎን ሰክቼ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ጋደም እላለሁ። ባለቤቴ «ከዶሮ ጋር ተኛህ» እያለች ትስቃለች፣ ግን ቁልፉ በር ላይ ከቀረ ሦስት ሳምንት አለፈው።

ባለፈው ቅዳሜ ለእሷም ልገዛ ተመልሼ ሄድኩ። ልጁ ለአንዲት እናት «ለማስታወስ ይረዳል» እያለ ነበር። እኔን ግን አላስታወሰኝም፤ በ1,700 አስጨረስኩት።