ኤስዲኪው በትምህርት ቤት፦ ከፊት ገጹ የጀርባው ይበልጣል

የተማሪዎችን የአእምሮ ጤና ለመከታተል ከተዘጋጁት መጠይቆች መካከል የኤስዲኪውን ያህል በብዙ አገር የተሠራጨ ጥቂት ነው። «የጥንካሬዎችና የችግሮች መጠይቅ» የሚባለውን ይህን ቅጽ ያስተዋወቀው የብሪታንያው የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም ሮበርት ጉድማን እ.ኤ.አ. በ1997 ነው፤ ዛሬ አማርኛን ጨምሮ በበርካታ ቋንቋዎች ይገኛል። የወረቀቱ ቅጂ ለትርፍ እስካልዋለ ድረስ በነጻ ይወርዳል። ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር፦ በነጻ ከሚገኙት መካከል ምርጡ ነው። ሆኖም ውጤቱን ይዞ ተማሪውን የሚያነጋግር ሰው የሌለው ትምህርት ቤት ጭራሽ ባይነካው ይሻላል።

ቅጹ ላይ 25 አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች አሉ። ተማሪው ለእያንዳንዱ «ትክክል አይደለም»፣ «በመጠኑ ትክክል ነው» ወይም «በእርግጥ ትክክል ነው» ብሎ ምልክት ያደርጋል፤ ነጥቡ በቅደም ተከተል 0፣ 1፣ 2 ነው። ዓረፍተ ነገሮቹ አምስት አምስት እየሆኑ በአምስት ዘርፍ ይመደባሉ፦ የስሜት ችግር፣ የጠባይ ችግር፣ መቅበጥበጥና ትኩረት ማጣት፣ ከእኩዮች ጋር ያለ ችግር፣ ለሌሎች በጎ መሆን። የመጨረሻው ጥንካሬን የሚለካ ስለሆነ ድምሩ ውስጥ አይገባም፤ የአራቱ ድምር ከ0 እስከ 40 ይደርሳል። ከ11 እስከ 17 ዓመት ያሉ ተማሪዎች ራሳቸው ይሞላሉ፤ ወላጅና መምህር የሚሞሉት ቅጽ ደግሞ ለብቻው አለ።

አዘገጃጀቱ ብልሃት አለው። ዘርፎቹ በቅጹ ላይ ተደባልቀው ነው የተቀመጡት፤ ስለ ሌላው ሰው ስሜት መጠንቀቅ የሚጠይቀው ቀድሞ ይመጣል፣ ስለ መስረቅ የሚጠይቀው 22ኛ ላይ ነው። ስለዚህ የሚሞላው ልጅ የጥፋት ዝርዝር እየተነበበበት እንዳለ አይሰማውም። ጥያቄ 3 ስለ ራስ ምታትና ስለ ሆድ ሕመም መጠየቁም ጥሩ ነው፤ ጭንቀቱን በቃል መናገር የማይችል ልጅ ሆዱን ሊያሳይ ይችላልና።

ስህተት የሚበዛው ነጥብ ሲደመር ነው። ጥያቄ 7፣ 11፣ 14፣ 21 እና 25 በጎ ነገር የሚጠይቁ ሆነው በችግር ዘርፎች ውስጥ ስለሚቆጠሩ ነጥባቸው ይገለበጣል፦ «በእርግጥ ትክክል ነው» ያለ 0፣ «ትክክል አይደለም» ያለ 2 ያገኛል። ይህን የረሳ ሰው የሚያመጣውን ጣጣ በአንድ ወረቀት ላይ እንይ።

አንዲት ተማሪ በስሜት ዘርፍ ለራስ ምታትና ለሆድ ሕመም 2፣ ለብዙ መጨነቅ 2፣ ለማዘንና ለማልቀስ 1፣ በአዲስ ሁኔታ ውስጥ ለመረበሽ 2፣ ለፍርሃት 1 አገኘች እንበል፤ ድምሩ 8 ነው። በጠባይ ዘርፍ 2 አላት። ትኩረት ላይ፣ ከማድረጓ በፊት እንደምታስብ «በእርግጥ ትክክል ነው» ብላለችና ተገልብጦ 0፣ ከሌሎቹ ጋር 2 ይሆናል። እኩዮች ላይ ቢያንስ አንድ ጥሩ ጓደኛ እንዳላት «በእርግጥ» ብላለች፤ እሱም 0፣ ከሌሎቹ ጋር 3። ጠቅላላው 15 ነው። ያልገለበጠ ሰው ግን ለሁለቱ መልሶች 0 በመስጠት ፈንታ 2፣ 2 ይሰጥና 19 ያደርገዋል። በመጀመሪያው ባለሦስት እርከን መለኪያ ተማሪ ራሱ ለሚሞላው ቅጽ እስከ 15 መደበኛ፣ ከ16 እስከ 19 ድንበር ላይ፣ 20 እና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ነው። ልጅቷ ጥሩ ጓደኛ ስላላትና አስባ ስለምታደርግ ብቻ እርከን ተሻገረች ማለት ነው።

ይኸው ወረቀት ሁለተኛ ነገርም ያሳያል። በትክክል ተደምሮ 15 ሲወጣ ልጅቷ «መደበኛ» ናት፤ ማኅደሩ ይዘጋል። በስሜት ዘርፍ ያገኘችው 8 ግን በዚያው መለኪያ ከፍተኛ ከሚባለው (ከ7 እስከ 10) ውስጥ ነው። ክፍል የማትረብሽ፣ የቤት ሥራዋን የምትሠራ፣ በጭንቀት የምትታመም ተማሪ በጠቅላላ ድምር ብቻ ከታየች ታመልጣለች። ጠቅላላውን ብቻ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ ትምህርት ቤት መጠይቁን ግማሹን ጥሎታል። ዘርፎቹ ይለዩ፤ በተለይ የስሜቱ። የእኩዮች ዘርፍ ከአምስቱ ደካማው ነው፤ ጥያቄዎቹ እርስ በርስ ብዙም ስለማይያያዙ የእሱን ነጥብ ብቻ ይዞ መደምደም አይገባም።

ሳይመለስ የታለፈ ጥያቄ ሲኖር ባዶውን 0 ማድረግ የተለመደ ጥፋት ነው። በአንድ ዘርፍ ቢያንስ ሦስት መልስ ካለ አማካዩ በአምስት ተባዝቶ ይጠጋጋል፤ ከሦስት ካነሰ ያ ዘርፍ አይሰላም።

አሁን ወደ ጀርባው ገጽ። ኤስዲኪው ያለ ተጨማሪው ገጽም ስለሚታተም ብዙዎች ወረቀት ለመቆጠብ ይተዉታል፤ እኛ ደግሞ የመጠይቁ ዋና ዋጋ እዚያ ነው እንላለን። የጀርባው ገጽ በስሜት፣ በትኩረት፣ በጠባይ ወይም ከሰው ጋር በመግባባት ችግር አለብኝ ብለህ ታስባለህ ወይ ብሎ ይጀምራል። አዎ ካለ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሚያስጨንቀው፣ የቤት ኑሮውን፣ ጓደኝነቱን፣ የክፍል ትምህርቱንና የትርፍ ጊዜውን ምን ያህል እንደሚያውክ ይጠይቃል። «በጭራሽ» እና «በጥቂቱ» ሁለቱም 0 ናቸው፣ «በመጠኑ» 1፣ «በጣም» 2፤ ድምሩ እስከ 10 ይደርሳል፣ 2 እና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ነው። የፊቱ ገጽ ምልክት ይቆጥራል፤ ይኸኛው ምልክቱ ኑሮን ማወኩን ይነግራል። አማካሪው በሳምንት የሚያነጋግረው ጥቂት ተማሪ ብቻ ከሆነ ማን ይቅደም የሚለውን የሚመልስለት የጀርባው ነጥብ ነው።

የመምህሩን ቅጽ በተመለከተ ቅሬታ አለን፤ ቅሬታው በአሠራሩ ላይ እንጂ በቅጹ ላይ አይደለም። ቅጹ ስላለፉት ስድስት ወራት ወይም ስለ ትምህርት ዘመኑ ይጠይቃል፤ ትምህርት በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት ለመምህር መስጠት ግምት መሰብሰብ ነው። ደግሞም 40 ተማሪ ያለው የክፍል ኃላፊ ለእያንዳንዱ አምስት ደቂቃ ቢወስድ 200 ደቂቃ፣ ማለትም ከሦስት ሰዓት በላይ ይሆናል። ባንድ ቁጭታ ከተሠራ ከመሀል በኋላ ያሉት ወረቀቶች የመሀለኛው ዓምድ ላይ ብቻ ምልክት ይዘው ይመለሳሉ። በቀን ስምንት ስምንት እያደረጉ በሳምንት መጨረስ ይሻላል። መምህር የሚረብሸውን ልጅ በቀላሉ ያያል፣ ዝም ብሎ የሚጨነቀውን ግን ያልፈዋል፤ ስለዚህ ዕድሜያቸው ለደረሰ ተማሪዎች የራሳቸው ቅጽ አይቅር። ወላጅም ሲታከልበት የሦስቱ ምስክርነት ከአንዱ እጅግ ይሻላል። ሦስቱ ሲለያዩ አማካይ አታውጡ፤ ልዩነቱ ራሱ መረጃ ነው፣ ቤት የሚታየው ክፍል ላይታይ ይችላልና።

መጠይቁን ከማደል በፊት ሂሳቡ ይሠራ። የመጀመሪያዎቹ እርከኖች የተበጁት በብሪታንያ ልጆች ላይ አሥር በመቶ ያህሉ ከፍተኛ፣ ሌላ አሥር በመቶ ያህሉ ድንበር ላይ እንዲወድቁ ነው። 600 ተማሪ ባለበት ትምህርት ቤት ከፍተኛው እርከን ብቻ 60 ልጅ ይሆናል። ለእያንዳንዱ የመጀመሪያ ንግግር 30 ደቂቃ ቢመደብ 30 ሰዓት ነው። አንድ አማካሪ ብቻ ካለ ሁሉንም በአንድ ቀን ማስሞላት ማለት ሦስተኛው ሳምንት ላይ ተራው የሚደርሰውን ልጅ «ችግርህን ነግረኸን ዝም አልን» እንደ ማለት ነው። በየክፍል ደረጃው ከፋፍሎ፣ የአንዱ ንግግር ሳያልቅ ሌላውን አለመጀመር ነው መላው። የብሪታንያው ቁጥር ለሌላ አገር ልጆች እንዳለ እንደማይሠራም ልብ ይባል፤ በአካባቢው የተጠና መለኪያ ከሌለ ከትምህርት ቤቱ ከፍተኛ ነጥብ ካመጡት መጀመር ይቻላል።

በሚሞላበት ሰዓት ልጆቹ ተራርቀው ይቀመጡ፣ ከስም ይልቅ መለያ ቁጥር ይጻፍ፣ የቁጥሩ ዝርዝር አማካሪው ዘንድ ብቻ ይሁን። መምህሩ ወረቀቱን እየሰበሰበ የሚያገላብጥ ከሆነ ስለ መዋሸትና ስለ መስረቅ የሚጠይቁት መልሶች ዋጋ የላቸውም። የፈተና ሳምንት አይመረጥ። ወላጆች አስቀድመው ይወቁ፤ ተማሪዎችም ሕይወታቸውን የሚያሰጋ ነገር ሲገኝ ምስጢር ሆኖ እንደማይቀር ብዕር ሳያነሱ ይነገራቸው። በንግግሩ ጊዜ ነጥቡን ማሳየት አያስፈልግም። «ሆድሽን ቶሎ ቶሎ እንደሚያምሽ ጽፈሻል፤ መቼ መቼ ነው የሚብስብሽ?» ብሎ ከራሷ መልስ መነሳት ይበቃል። ቅጹ በሽታ አይሰይምም፤ «ኤስዲኪው ድብርት አለበት አለ» የሚል ደብዳቤ ለወላጅ መላክ ትልቅ ጥፋት ነው።

ትልቁ ጉድለቱ ራስን ስለ መጉዳትና ስለ መሞት ሐሳብ አንድም ጥያቄ አለመኖሩ ነው። የአመጋገብ መዛባትንም፣ አደንዛዥ ዕፅንም አይጠይቅም። ዝቅተኛ ነጥብ ስለዚህ የደህንነት ማረጋገጫ አይደለም፤ መምህር የተጠራጠረውን ልጅ ወረቀቱ ደህና ነው ስላለ መተው የለበትም።

ድጋፉ ሠርቶ እንደሆነ ለማየት የክትትል ቅጽ አለ፤ ስድስት ወርን ትቶ ስላለፈው ወር ይጠይቃል። እዚህ ጋ ብዙ የትምህርት ቤት ሪፖርቶች ይሳሳታሉ። ከፍተኛ ነጥብ ስላመጡ የተመረጡ ተማሪዎች ምንም ሳይደረግላቸው በሁለተኛው ጊዜ በአማካይ ዝቅ ይላሉ፣ ምክንያቱም ከመጀመሪያው ነጥብ የተወሰነው የዚያን ቀን ክፉ ስሜት ነበር። ሁለቱ ቅጾች የሚጠይቁት ዘመን መለያየቱም ልዩነት ይጨምራል። የነጥብ መውረድን ብቻ ይዞ «ፕሮግራማችን ውጤት አመጣ» ማለት አያስኬድም፤ ድጋፉን ገና ካልጀመሩ ተመሳሳይ ተማሪዎች ጋር ማስተያየት፣ ካልተቻለም ከመቅረትና ከክፍል ተሳትፎ መዝገብ ጋር አብሮ ማየት ይገባል።

ወደ ጎግል ፎርም መገልበጥ ለሚያስቡ፦ ነጻ የሆነው ወረቀቱ ነው። ለኤሌክትሮኒክ ቅጂ የባለመብቱ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ የጥያቄዎቹን ቃልም መቀየር አይፈቀድም። ቃሉ ከተቀየረ የነጥቡ እርከንም አብሮ ይፈርሳል።

25 ጥያቄ የሚበዛበት ትምህርት ቤት የዓለም ጤና ድርጅትን ባለአምስት ጥያቄ የደህንነት መለኪያ ማየት ይችላል። ስላለፉት ሁለት ሳምንታት ይጠይቃል፣ ድምሩ በ4 ተባዝቶ ከ100 ይሰላል፣ 50 እና ከዚያ በታች ተማሪውን ማነጋገር እንደሚገባ ያመለክታል። ጥያቄዎቹ ሁሉ በጎ ስለሆኑ ማንንም አያስደነግጥም፤ ግን ችግሩ ከስሜት ይሁን ከጓደኛ ወይም ከትኩረት አይለይም። ፒኤችኪው-9 የሚባለውን ባለዘጠኝ ጥያቄ የድብርት መጠይቅ የመረጠ ደግሞ ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ ሞት ሐሳብና ራስን ስለ መጉዳት መሆኑን ይወቅ፤ ያ መልስ ወረቀቱ በተሰበሰበበት ቀን፣ ተማሪው ወደ ቤቱ ሳይሄድ መነበብ አለበት።