አሚር ኑር መቃብር፣ ሐረር ጀጎል፦ ለዚያራም ለጉብኝትም

በግንብ የታጠረውን የሐረር አሮጌ ከተማ ጀጎልን ዞሮ፣ ግንቡን ያሠሩትን አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድን ሳይዘይሩ፣ ማለትም መቃብራቸውን ሳይጎበኙ፣ መመለስ ያስቆጫል። አሚሩ በ16ኛው መቶ ዘመን ሐረርን የገዙ ናቸው። መቃብራቸው አረንጓዴ የተቀባ ሾጣጣ ጉልላት ነው፤ ከላዩ የወጡት ጉጦች ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ ጥላ ሲጥሉ ደምቀው ይታያሉ፣ እኩለ ቀን ላይ ግን ፎቶው ድርቅ ይላል።

ሙዚየም ለሚጠብቅ አይሆንም፤ ሰው ዱዓ የሚያደርግበት፣ እጣን የሚጨስበት ቦታ ነው። ጫማ ይወልቃል፣ ሴቶች ሻሽ ይዘው ቢሄዱ ይሻላል። ውስጡ ጠባብ ስለሆነ በቡድን መግባት የሚጸልየውን ያውካል፤ ሁለት ሁለት ሆኖ መግባት ነው። ካሜራ ከማውጣት በፊት ጠባቂውን ማስፈቀድ፣ ሲወጡም ዝርዝር ብር መስጠት ደንብ ነው። አስጎብኚ ከያዙ ዋጋውን አስቀድመው ይነጋገሩ፤ ጭቅጭቁ የሚነሳው መጨረሻ ላይ ነው።